በ5173 እና በ8080 መካከል

በአንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ፕሮግራሞች እየሠሩ ነው እንበል። አንደኛው ለተጠቃሚው የሚታየውን ገጽ ያቀርባል፤ ሌላው ከጀርባ ተቀምጦ መዝገቡን ይጠብቃል፣ ይደምራል፣ ይፈቅዳል፣ ይከለክላል። ሁለቱንም የጻፈቻቸው አንዲት ባለሙያ ናት። የሚኖሩት በአንድ ዲስክ ላይ ነው፤ የሚበሉት ከአንድ ባትሪ ነው፤ ክዳኑ ሲዘጋ አብረው ይተኛሉ። ፊተኛውን ቪት የተባለው የዴቨሎፕመንት ሰርቨር በፖርት 5173 ላይ ያስነሣዋል። ኋለኛው በስፕሪንግ ቡት የተሠራ ከሆነ፣ ሌላ ካልተነገረው በቀር፣ 8080 ላይ ይቀመጣል። (5173 ዝም ብሎ የተመረጠ ቁጥር አይደለም፤ አኃዞቹን በመልካቸው እንደ ላቲን ፊደል ላነበበ፣ አምስትንም በሮማውያን ቁጥር ላሰበ፣ የመሣሪያውን ስም ይሰጡታል። የፕሮግራመር ቀልድ ሁሌም እንደዚህ ደረቅ ነው።)

ፊተኛው ኋለኛውን «የደንበኞቹን ዝርዝር ስጠኝ» ሲለው ብራውዘሩ መካከላቸው ይገባል። ኮንሶሉ ላይ ቀይ ጽሑፍ ይወጣል። ሁለቱ ባዕዳን ናቸውና የአንዱ መልስ ለሌላው አይነበብም።

ይህን ቀይ ጽሑፍ ለማጥፋት የሚጻፈው ነገር ጥቂት መስመር ቢሆን ነው። በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ በስላሽ ኤፒአይ የሚጀምር ጥያቄ ሁሉ ወደ 8080 ይተላለፍ ተብሎ ይጻፋል፤ ሰርቨሩ እንደገና ይነሣል፤ ነገሩ ይሠራል፤ ሰውም ወደ ሥራው ይመለሳል። በዚያች ቅጽበት ምን እንደተደረገ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ በእነዚያ መስመሮች ውስጥ ከባድ ነገር ተፈጽሟል ባይ ነኝ፤ አንድ ፕሮግራም የሌላውን ቃል በራሱ ስም ሊናገር ተስማምቷል።

ከደንቡ እንጀምር። ብራውዘር አንዱን ገጽ ከሌላው የሚለየው ኦሪጂን በሚባል መለያ ነው። መለያው ሦስት ነገር ይይዛል፤ ፕሮቶኮሉን (ኤችቲቲፒ ነው ወይስ ኤችቲቲፒኤስ)፣ የሆስቱን ስም እና የፖርቱን ቁጥር። ሦስቱ ከገጠሙ አንድ ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ከተዛነፈ ባዕድ ናቸው። ደንቡ የመጣው ኔትስኬፕ ጃቫስክሪፕትን ወደ ብራውዘሩ ባስገባበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ጠርቶና ተብራርቶ የተጻፈው ግን ብዙ ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው አርኤፍሲ 6454 በተባለው ሰነድ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ዓለም ሁሉ የተዳደረበት ሕግ በቅጡ ሳይጻፍ ኖሯል ማለት ነው፤ እኛ ደግሞ ያልተጻፈ ሕግ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ብዙ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም።

ከሦስቱ መለያዎች ውስጥ ባለቤት የለም። ጸሐፊ የለም። ሐሳብና ዓላማም የለም። የአንድ ድርጅት ሁለት ክፍሎች ድረ ገጾቻቸውን በተለያየ ንዑስ ስም ካስቀመጡ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እየሠሩ ለብራውዘሩ የማይተዋወቁ ናቸው። በተቃራኒው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ላይ ጎን ለጎን የግል ገጽ የከፈቱ ሁለት ሰዎች፣ የሆስቱ ስም አንድ እስከሆነ ድረስ፣ ቢጣሉም ቢፋቀሩም ለብራውዘሩ አንድ ናቸው። የነገርን ማንነት ከውስጡ፣ ከባሕርዩ፣ ከአስገኚው መፈለግን የለመደ ሰው በዚህ ቢደነቅ አይፈረድበትም። ብራውዘሩን ግን ሌላ ምን ያውቅ ዘንድ እንጠብቀዋለን? የሁለቱን ፕሮግራሞች እናት ሊያያት አይችልም። የሚያየው ቃሉ የወጣበትን በር ብቻ ነው።

ክልከላው የቆመው ለማን እንደሆነ ካላወቅን ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ይጠፋብናል። ብዙ ጀማሪ ቀዩን ጽሑፍ ሲያይ ሰርቨሩ ከለከለኝ ይላል። ሰርቨሩ አልከለከለም። ተራ የንባብ ጥያቄ ከሆነ ጥያቄው ሄዷል፣ ሰርቨሩ ሰምቷል፣ ዝርዝሩን አውጥቶ ልኳል፣ መልሱም ላፕቶፑ ላይ ደርሷል። እጁ ከገባ በኋላ ለጠየቀው ኮድ አልሰጥም ያለው ብራውዘሩ ነው። ያንኑ ጥያቄ ከተርሚናል ከርል በተባለው መሣሪያ ብትልኩት መልሱ ፊታችሁ ላይ ይዘረገፋል። ስለዚህ መረጃው የተቆለፈ ምሥጢር አልነበረም።

የሚጠበቀው ሰውየው ነው። አንድ ሰው በአንደኛው ታብ የባንክ ሒሳቡን ከፍቷል፤ በሌላው ታብ የማያውቀውን ገጽ ከፍቷል። ብራውዘሩ ወደ ባንኩ የሚሄድ ጥያቄ ባየ ቁጥር የሰውየውን ኩኪ ሊያያይዝ ይችላል፤ ባንኩም ኩኪውን አይቶ «ደንበኛዬ ነው» ይላል። ያልታወቀው ገጽ በዚህ መንገድ ጠይቆ መልሱን ማንበብ ቢችል ኖሮ፣ ሰውየው በራሱ ስም ሲሰለል ይውል ነበር። ከርል የሰውየውን ኩኪዎች በኪሱ ይዞ አይዞርም፤ ስለዚህ ደንቡ ከርልን አይመለከተውም። ሁለት ሰርቨሮች እርስ በርስ ሲነጋገሩም አይመለከታቸውም። ኦሪጂን የሚባለው አጥር የተተከለው የሰው አደራ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ከላይ ያነሣነው ማስተላለፊያ፣ ፕሮክሲ የሚባለው፣ ሥራውን የሚሠራው ከዚህ ቦታ አልፎ፣ አጥር በሌለበት ሜዳ ላይ ቆሞ ነው።

ኩኪን ካነሣን አይቀር አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር እዚሁ አለ። 5173 እና 8080 ለጃቫስክሪፕት ባዕድ ናቸው ብለናል። ለኩኪ ግን ቤተሰብ ናቸው። ኩኪ የፖርት ቁጥር አይለይም፤ ሎካልሆስት ላይ በ8080 የተቀመጠ ኩኪ ወደ 5173 ለሚሄድ ጥያቄም ይላካል። ይህ ስሕተት ሆኖ ያመለጠ ነገር አይደለም፤ የኩኪን አሠራር የሚደነግገው አርኤፍሲ 6265፣ እርሱም የ2011 ሰነድ ነው፣ በግልጽ ጽፎታል። አንድ ብራውዘር፣ በአንድ ሰዓት፣ ስለ እነዚያው ሁለት ነገሮች «አንድ ናቸው» እና «አንድ አይደሉም» ይላል፤ በሁለቱም ትክክል ነው። አንድነት የነገሩ ባሕርይ ቢሆን ኖሮ ይህ ቅራኔ ይሆን ነበር። «ለምን ጉዳይ አንድ ናቸው?» ተብሎ ሲጠየቅ ብቻ የሚመለስ ጥያቄ ከሆነ ግን ምንም ቅራኔ የለውም። እኔ ሁለተኛውን እይዛለሁ።

ባዕድነቱን ለማለፍ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ኮርስ ይባላል፤ የጀርባው ሰርቨር በመልሱ ራስጌ ላይ «ከ5173 የመጣ ኮድ ይህን ያንብብ» ብሎ ፈቃድ ይጽፋል። ንጹሕ መንገድ ነው፤ እንግዳው እንግዳ መሆኑ ሳይካድ እንዲገባ ይፈቀድለታል። ችግሩ ሰዎች ሲቸኩሉ የሚያደርጉት ነው። ስም በመጥራት ፈንታ ኮከብ ያደርጉና ለሁሉም ይፈቅዳሉ፤ ኮከቡ ከኩኪ ጋር አብሮ አይሠራም ሲባሉ ደግሞ የመጣውን ስም ሁሉ መልሶ የሚያስተጋባ ኮድ ይጽፋሉ፤ ለልማት ተብሎ የተከፈተው በር ሥራው ካለቀ በኋላም ሳይዘጋ ይቀራል። ስለዚህኛው ለአሁኑ ከዚህ በላይ አልልም።

ሁለተኛው መንገድ ፕሮክሲ ነው። ገጹ 8080ን መጥራት ይተዋል። የሚጠራው የወጣበትን በር፣ 5173ን ብቻ ነው። የዴቨሎፕመንት ሰርቨሩ የገጹን ፋይሎች ከማቅረብ ጋር ሌላ ሥራ ይደረብለታል፤ በተወሰነ መንገድ የሚጀምር ጥያቄ ሲመጣ ወስዶ ለ8080 ያደርሳል፣ መልሱን ተቀብሎ በራሱ በር ያወጣል። ብራውዘሩ የሚያየው አንድ ኦሪጂን ነው። ቀዩ ጽሑፍ ይጠፋል።

ታዲያ ብራውዘሩ ተታለለ? ብዙዎች እንደዚያ ያወራሉ፤ «ብራውዘሩን እንሸውደዋለን» ሲባል ሰምቻለሁ። ይህን አነጋገር አልቀበልም፤ ለምን እንደሆነ አንድ የቆየ ታሪክ ያስረዳልኛል።

እ.ኤ.አ. በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች በዶን ሮድሪጎ ደ ሊማ መሪነት ከዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ደረሱ። አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደጻፈው፣ ንጉሡን ወዲያው አላዩትም። ለሳምንታት የሚመጣላቸው ቃሉ ብቻ ነበር። ከሚመላለሱት ዋነኛው አቃቤ ሰዓት የተባለው የቤተ መንግሥት ባለሥልጣን ነበር፤ ከንጉሡ ድንኳን ይወጣል፣ የንጉሡን ጥያቄ ይነግራቸዋል፣ መልሳቸውን ይቀበላል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይመጣል። መልእክተኞቹ የትኛው ቃል ከንጉሡ አፍ እንዳለ የወጣ፣ የትኛው በመንገድ የተለሳለሰ እንደሆነ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ይሁንና አልተታለሉም። ፊታቸው የቆመው ሰው ንጉሡ እንዳልሆነ ያውቃሉ። የንጉሡን ቃል ይዣለሁ ያለው እርሱ ስለሆነ፣ ቃሉ ቢጣመም የሚጠየቀውም እርሱ መሆኑን ያውቃሉ። ለእንግዳ ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ በየትኛውም ቤተ መንግሥት አይሰጥም።

ብራውዘሩም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ቃሉ የት ተወለደ ብሎ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም መልስ የሚሰጠው የለም። የሚጠይቀው በዚህ ቃል ማን ይጠየቅበታል የሚለውን ነው። 5173 የ8080ን ዝርዝር በራሱ በር ሲያወጣ «ይህ የእኔ ነው» እያለ ነው፤ የእኔ ነው ማለቱም ውሸት አይደለም፤ ኃላፊነቱን ወስዷልና። ፕሮክሲ ማዋቀር ማለት፣ ከመስመሮቹ ጀርባ ያለው ነገር ይኸው ብቻ ነው፤ ለሌላው ቃል ዋስ መሆን።

ዋስነት ደግሞ ዋሱ ምን ዓይነት ሰው ነው የሚል ጥያቄ ያመጣል። እዚህ ላይ የመሣሪያዎቹ ጠባይ ከምንገምተው በላይ ብዙ ያስተምራል።

የጀርባው ፕሮግራም ሳይነሣ ቀርቷል እንበል። ገጹ ይጠይቃል፣ ፕሮክሲው ወደ 8080 ይሄዳል፣ በሩን የሚከፍት የለም። አሁን ለብራውዘሩ ምን ይበለው? በዌብፓክ የዴቨሎፕመንት ሰርቨር ዘንድ ለረጅም ጊዜ የተለመደው 504 ማለት ነው፤ ላክሁበት፣ ጠበቅሁ፣ ጊዜው አለፈ እንደማለት። ቪት ደግሞ 500 ሲል እናገኘዋለን፤ እኔው ውስጥ ችግር ተፈጠረ እንደማለት። አንዱ በቤቱ የሌለውን ሰው ዘግይቷል ብሎ ያማዋል፤ ሌላው የሌላውን መቅረት በራሱ ላይ ያደርጋል። እውነቱ ያለው ሁለቱም ተርሚናላቸው ላይ በሚጽፉት፣ ብራውዘሩ በማያየው መስመር ውስጥ ነው፤ ግንኙነቱ እምቢ ተባለ ይላል። መካከለኛው እውነቱን ያውቃል፤ ወደፊት የሚያስተላልፈው ግን ሥርዓቱ ከሚፈቅድለት ጥቂት ቁጥሮች ውስጥ የሚቀርበውን መርጦ ነው። ስሕተት የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ትምህርቱ ይህ ሊሆን ይገባል፤ የመካከለኛውን ቁጥር ሳይሆን የመካከለኛውን ማስታወሻ አንብብ።

ከዚህ የከፋ አለ። ፕሮክሲው የተጻፈው በስላሽ ኤፒአይ ለሚጀምር መንገድ ነው፤ ገጹ ደግሞ በሌላ ስም ጠየቀ፤ አንድ ፊደል ተሳስቷል። ሰርቨሩ «አላውቀውም» ማለት ይገባው ነበር። ቪት ግን ለባለ አንድ ገጽ አፕሊኬሽኖች ሲል፣ ያላወቀው መንገድ ሲመጣለት ዋናውን የኤችቲኤምኤል ገጽ የመስጠት ልማድ አለው፤ መንገዱን ገጹ ራሱ ይተርጉመው በሚል። ስለዚህ የደንበኞች ዝርዝር የጠየቀው ኮድ 200 የሚል፣ ሁሉ ነገር ሰላም ነው የሚል መልስ ያገኛል፤ ሲከፍተው ውስጡ የገዛ ራሱ ገጽ ነው። ጄሰን የጠበቀው ፕሮግራም የመጀመሪያውን < ምልክት ሲያይ ይወድቃል። ባለሙያዋ ስሕተቱን ፍለጋ ወደ 8080 ትሄዳለች፣ የዳታቤዙን ኮድ ትገለባብጣለች፤ 8080 ግን ስለ ጉዳዩ ምንም አልሰማም። ዘግይቷል ብሎ ከሚያማ መካከለኛ ይልቅ፣ ያልተላከበትን ጥያቄ በትሕትና ራሱ የሚመልስ መካከለኛ ብዙ እጥፍ ይጎዳል። ለዚህ ልማድ ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ፤ ምክንያቱም በቂ ነው። ጉዳቱም ያው ጉዳት ነው።

ሎካልሆስት የሚለው ስም ራሱ ያመጣው ታሪክ ደግሞ ለብቻው የሚነገር ነው። ስሙ እዚህ ማለት ነው፤ ከዚህ ማሽን አትውጣ ማለት ነው። ከእዚህ የቀለለ አድራሻ ምን አለ? ሆኖም እዚህ ሁለት ናቸው። በአሮጌው የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት 127.0.0.1 ነው፤ በአዲሱ ::1 ነው። ቪት የሚሠራበት፣ ኖድ የተባለው መሣሪያ ለዓመታት ሎካልሆስት ሲባል አሮጌውን ያስቀድም ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2021 የወጣው ኖድ 17 ይህን ትቶ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በሰጠው ቅደም ተከተል መሄድ ጀመረ፤ በብዙ ማሽኖች ላይ ደግሞ ፊተኛው አዲሱ ነው። በጃንጎ የሚሠሩ ሰዎች የልማት ሰርቨራቸው 127.0.0.1 ላይ ብቻ፣ በፖርት 8000 ላይ ቆሟል። ፕሮክሲው ሎካልሆስት ተብሎ ተጽፎለታል። ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ ግንኙነቱ እምቢ ተባለ ይላል፤ በኮዱ ውስጥ አንድ ፊደል የነካ የለም። ሰርቨሩ እዚህ ነው፤ ፕሮክሲውም እዚህ ፈልጎታል፤ የተፈለገበት እዚህ ሌላ እዚህ ነው። መድኃኒቱ ስሙን ትቶ ቁጥሩን መጻፍ ነበር። ኋላ በኖድ 20 ሁለቱንም አድራሻ መሞከር የተለመደ አሠራር ስለሆነ ነገሩ ረገበ። «እዚህ» ከቃላት ሁሉ ማብራሪያ የማይሻ ይመስለን ነበር፤ የሚሻ ሆኖ ተገኘ።

ፕሮክሲው በሩን ሲያንኳኳ በማን ስም ያንኳኳ የሚለውም በኮንፊጉ ውስጥ የሚወሰን ነው። ቼንጅኦሪጂን የሚባለው ምርጫ፣ ስሙ ኦሪጂን ቢልም፣ የሚለውጠው ሆስት የተባለውን ራስጌ ነው። ካልተነካ፣ የጀርባው ሰርቨር «ወደ 5173 የተላከ ጥያቄ» ሆኖ ያየዋል፤ ሲበራ «ወደ አንተ የተላከ» ሆኖ ያየዋል። የጀርባው ፕሮግራም እዚያው ላፕቶፕ ላይ ሲሆን ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። በአንድ አድራሻ ብዙ ድረ ገጾችን የሚያስተናግድ የሩቅ መሞከሪያ ሰርቨር ሲሆን ግን፣ በትክክለኛ ስሙ ካልተጠራ ማን እንደተፈለገ አያውቅም። ሌላም ጣጣ አለ። አንዳንድ የጀርባ ፕሮግራም ተጠቃሚውን ወደ ሌላ ገጽ ሲመራ፣ የሚመራበትን አድራሻ የሚሠራው ከዚያው ከሆስቱ ስም ነው። ስሙ ከተለወጠበት ተጠቃሚውን ወደ ራሱ በር፣ ወደ 8080 ይልከዋል፤ ብራውዘሩም ከተቀመጠለት በር ወጥቶ ይሄዳል። ለዚህ ነው እውነተኛው ስም በሌላ ራስጌ፣ «የመጣሁት ስለ እገሌ ነው» በሚል ማስታወሻ አብሮ መላክ የሚገባው። መካከለኛ ሁለት ስም ይዞ መዞር ግድ ይለዋል፤ የላከውንና የተላከበትን። አንዱን የጣለ ለታ ከሁለት አንዱ ወገን ይሳሳታል።

የምስክር ወረቀትን ማጣራት የሚያጠፋውን ምርጫ በተመለከተ ቃሌ አጭር ነው። ሰርቨሩ በራሱ እጅ የፈረመውን ሰርተፊኬት ይዞ ላፕቶፕ ላይ ሲቆም፣ ማጣራቱን ማጥፋት ያስኬዳል። ከላፕቶፕ በወጣ መስመር ላይ የሚያጠፋ ዋስ ግን፣ ዋስ የሆነለትን ሰው ፊቱን ሳያይ የፈረመ ነው።

እስካሁን ስለ ልማት ጊዜ ተናገርን። ሥራው ሲያልቅ ገጹ ይገነባል፤ ጥቂት የኤችቲኤምኤል፣ የሲኤስኤስና የጃቫስክሪፕት ፋይሎች ይሆናል። የዴቨሎፕመንት ሰርቨሩ እዚያ ውስጥ የለም። ፕሮክሲውም የለም። የተገነባው ገጽ አሁንም በስላሽ ኤፒአይ እየጠየቀ ነው፤ ሊያደርስለት ቃል የገባው ግን ላፕቶፑ ላይ ቀርቷል። ብዙ ቡድን ይህን የሚያውቀው ሥራውን ባስረከበበት ዕለት ነው።

ስለዚህ የፕሮክሲ መስመር ስለ ነገ የተነገረ ቃል ነው እላለሁ። ዛሬ ላይ ስንጽፈው «ይህ ሥራ ሰው ፊት ሲቀርብ በአንድ በር ይቀርባል፤ ፊቱና ጀርባው በአንድ ስም ይጠራሉ» ማለታችን ነው። ቃሉ እንዲፈጸም ያንን በር የሚይዝ ሌላ መኖር አለበት። ብዙ ጊዜ ይህ ኤንጂንኤክስ ነው፤ ኢጎር ሲሶየቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ ያወጣው ሰርቨር። እዚያም ያው መስመር በሌላ ቋንቋ ይጻፋል፤ ከነወጥመዱ። በማስተላለፊያው አድራሻ መጨረሻ ላይ አንዲት ስላሽ ካለች የመንገዱ መጀመሪያ ተቆርጦ ይጣላል፤ ከሌለች መንገዱ እንዳለ ያልፋል። በቪት ላይ መንገዱን ሳይቆርጥ የሠራ፣ በኤንጂንኤክስ ላይ ሳያስበው ስላሽ የጨመረ፣ ሁለት የተለያየ ቃል ሰጥቷል።

ፊቱና ጀርባው በማይገናኙ ሁለት ስሞች ላይ ሊቀመጡ አስቀድሞ የታሰበ ከሆነ ደግሞ ፕሮክሲው የተሳሳተ ቃል ነው። በላፕቶፑ ላይ ኩኪው ያለ ችግር ሲመላለስ ይከርማል። ክሮም እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2020 ወዲህ፣ ካልተገለጸለት በቀር፣ ኩኪን ወደ ሌላ ሳይት በሚሄድ እንዲህ ባለ ጥያቄ ላይ አያያይዝም፤ ስለዚህ ሥራው በወጣ ማግስት የገባ ተጠቃሚ ሁሉ እንዳልገባ ይቆጠራል። እንዲህ ላለው ሥራ ኮርስን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በላፕቶፑ ላይ መልመድ ይሻላል፤ ቀዩን ጽሑፍ እያዩ። ፕሮክሲ እዚያ ላይ ባለሙያውን ከእውነት ይጋርደዋል። ተሸወደ የሚባል ካለ ብራውዘሩ አይደለም፤ ባለሙያው ነው።

ዋስነት ቀልድ አለመሆኑ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በይፋ ታየ። እስከዚያ ድረስ የቪት የልማት ሰርቨር፣ ሌላ ካልተነገረው፣ ማንኛውም ድረ ገጽ ጠይቆ መልሱን እንዲያነብ ይፈቅድ ነበር። ላፕቶፕ ላይ ብቻ ያለ ነገር ማን ይደርስበታል የሚል ግምት ነበር። የሚደርስበት ግን የባለሙያዋ የራሷ ብራውዘር ነው፤ ሰርቨሩ እየሠራ ሳለ በሌላ ታብ የከፈተችው ማንኛውም ገጽ 5173ን ሊጠይቅ ይችላል። 5173 ደግሞ ፕሮክሲ ተጽፎለት ከሆነ ለ8080 ዋስ ነው፤ 8080 ሳያውቀው በሩ ለመንገደኛ ይከፈታል። ይህ ቀዳዳ ሲቪኢ 2025-24010 የሚል ቁጥር ተሰጥቶት በቪት 6.0.9፣ በ5.4.12 እና በ4.5.6 ታረመ፤ ከዚያ ወዲህ ሰርቨሩ ጠያቂው ማን እንደሆነና በየትኛው ስም እንደተጠራ ያጣራል። ማጣራቱ ሲመጣ «ትናንት ይሠራ የነበረው ለምን ተከለከለ» ብለው ያማረሩ ነበሩ። እኔ በዚህ የቪት ሰዎች ትክክል ናቸው እላለሁ፤ በሌላው ስም የሚናገር ሁሉ ለማን እየተናገረ እንደሆነ ማየት ግዴታው ነው። ይህን ማጣራት «ሁሉም ይፈቀድ» ብሎ ማጥፋት በአንድ ቃል የሚቻል ሆኖ ሳለ፣ እባካችሁ አታጥፉት፤ የምትጠብቁትን ስም ብቻ ጻፉለት።

ይህን የምታነቡ የሙያው ሰዎች ዛሬ የኮንፊግ ፋይላችሁን ክፈቱ። በፕሮክሲ ሥር ያለውን እያንዳንዱን መስመር፣ ሥራው በሚወጣበት ሰርቨር ላይ ካለው አቻው ጋር አስተያዩ፤ ስላሹን ጭምር። አቻ የሌለው መስመር ካገኛችሁ እዚያ በሩን ማን እንደሚይዝ ከቡድናችሁ ጋር ወስኑና ጻፉት። የሚይዘው ሰው ካልተገኘ መስመሩን ሰርዙት።